ደሙን በረዶ ውስጥ አትክተቱት፦ ዓይነት 1 ስኳርን የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚሳሳቱት

ሚያዝያ ላይ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር ከዘጌ በጀልባ መጣች። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ገና ሳምንቷ ነው። ለጥናታችን ደም ሰጠች። ተማሪያችን የባሕር ዳር ሙቀት እንዳያበላሽበት ብሎ ቲዩቦቹን በሙሉ በረዶ ውስጥ ከቶ በባጃጅ ላብራቶሪ ድረስ አመጣቸው። ልጁ ለደሙ አስቦ ነው። ሴሎቹን ስንለይ ግን ኒውትሮፊሉ (የማንፈልገው ነጭ የደም ሴል) ከቲ-ሴሉ (ከምናጠናው ነጭ የደም ሴል) ጋር ተደባልቆ አገኘነው።

ይሄን ስህተት ስንት ጊዜ አየሁት! እባካችሁ፣ ሴል የሚለይበት ደም በረዶ አይንካው። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይቆይ፣ በዚያው ቀን ይሠራ። ደሙ ሲቀዘቅዝ የኒውትሮፊሎቹ እፍግታ ይለወጥና ወደ ታች መውረድ ሲገባቸው እኛ ከምንፈልጋቸው ሴሎች ጋር ይቀራሉ። ቅዝቃዜ የሚፈልገው የሲ-ፔፕታይዱ (ሰውነት ራሱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚሠራ የሚያሳየው) ቲዩብ ነው፤ እሱን ለብቻው በሌላ ዕቃ ያዙት። ያቺ ልጅ ሁለተኛ አዲስ ታማሚ አትሆንም። በዚያ ሳምንት ቆሽቷ ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ቤታ ሴሎች የሚያጠቁት ቲ-ሴሎች ምን እንደሚመስሉ ከደሟ ማየት የምንችለው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ደሙን ፊኮል (ሴሎችን በእፍግታቸው የሚለየው ፈሳሽ) ላይ ስታዞሩ የሴንትሪፊዩጁን ፍሬን አጥፉ።

ቀጣዩን የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ማስተርሴን ስሠራ ኢንሱሊን ከጀመሩ ወር ካለፋቸው ሰዎች የዓይነት 1 ምልክት ከሆኑት አንዱን፣ የኢንሱሊን አንቲቦዲ (ሰውነት በኢንሱሊን ላይ የሚያመርተውን የመከላከያ ፕሮቲን) ለካሁ። ብዙዎቹ ላይ ሳገኘው ደስ አለኝ። መርፌው ራሱ ያን አንቲቦዲ እንደሚያስነሳ የነገረኝ አማካሪዬ ነው፤ የወራት ልፋቴ ከንቱ ቀረ። ከመጀመሪያው መርፌ ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ ያንን ተዉትና ሌሎቹን የዓይነት 1 አንቲቦዲዎች፣ የጋድን፣ የአይኤ-2ን እና የዚንክ ትራንስፖርተር 8ን ለኩ። ፎርሙ ላይ ደግሞ ኢንሱሊን የተጀመረበትን ቀን «በቅርቡ» ብላችሁ አትጻፉ። «ፍልሰታ አካባቢ ነው የጀመርኩት» ካሏችሁ ከጾሙ በፊት ነው በኋላ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካርዱንም እዩ።

ወጣትና ቀጭን ስለሆነ፣ ኢንሱሊንም ስለሚወጋ ብቻ ዓይነት 1 ነው አትበሉ። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳርም አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ዓይነት 5 ብሎታል። አንቲቦዲ ሳትለኩ ከደባለቃችኋቸው የምታጠኑት ሁለት በሽታ ነው።

የኖድ አይጥ (ዓይነት 1 መሰል ስኳር በራሱ የሚይዘው የላብራቶሪ አይጥ) ላይ ያያችሁትን ሁሉ ወደ ሰው አታምጡ። እዚያ በብዛት የሚታመሙት ሴቶቹ ናቸው፤ ሰው ላይ እንደዚያ ያለ የሴቶች ብልጫ የለም።

ቀጠሮ ስትሰጡም የጀልባውን ሰዓት ጠይቁ። ኢንሱሊኗን ተወግታ የመጣች ልጅ ደም እስክትወስዱ ብላ ቁርስ ሳትበላ ወረፋ እንዳትጠብቅ።