ደም ሥር አንጀትን ሲጫን፦ በምርመራ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ወሳጅ፣ አኦርታ፣ በጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ወደ ታች ይወርዳል። ሆድ ውስጥ ሲደርስ አንጀትን የሚመግብ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዱዎዲነም የሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ በሁለቱ መሀል ያልፋል። መተላለፊያውን ከፍቶ የሚይዘው እዚያ ያለው ስብ ነው። ሰው በፍጥነት ሲከሳ ስቡ ያልቃል፣ ቅርንጫፉ ወደ አኦርታ ይጠጋል፣ አንጀቱም መሀል ላይ ይጨመቃል። በ1927 የኤዲንብራው ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ዊልኪ የ75 ሕሙማንን ታሪክ ስለጻፉ ሕመሙ በስማቸው የዊልኪ ሲንድሮም ይባላል።

የመጀመሪያው ስህተት «ጨጓራ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። እኛ ጋ ይሄ በጣም ይቀናል። ቶሎ መጥገብ፣ ከምግብ በኋላ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ሲባል የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይታዘዛል፤ ሲያልቅ ይደገማል። ሁለት ጥያቄ ግን ብዙ ይነግራል። አንደኛው የሚያስመልሰው ነገር መልክ ነው። አረንጓዴና መራራ ከሆነ፣ መንገዱ የተዘጋው ሐሞት ወደ አንጀት ከሚገባበት በታች ነው። የቆየ ቁስል የጨጓራን መውጫ ሲያጠብ ግን የሚወጣው ሐሞት የሌለበት ምግብ ነው። ሁለተኛው አተኛኘት ነው። በጀርባ መተኛት የሚያባብሰው፣ በግራ ጎን ወይም በሆድ መተኛት የሚያቀለው ሕመም የዊልኪ ሲንድሮምን ሊያስጠረጥር ይገባል።

ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ የካሜራ ምርመራ) «ንጹሕ ነው» ሲል መዝጋትም ያሳስታል። የተለመደው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እስከ ዱዎዲነም ሁለተኛ ክፍል ነው። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። በጾም መጥቶ ጨጓራው የትናንት ምግብ የያዘ ሰው ካለ ግን ዝም ተብሎ አይሸኝም።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ በሲቲ ስካን ቁጥር ብቻ መፍረድ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በሁለቱ ደም ሥሮች መሀል ያለው ማዕዘን በተለምዶ ከ38 እስከ 65 ዲግሪ፣ ርቀቱ ከ10 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ25 ዲግሪና ከ8 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ጥርጣሬ ይመጣል። ሆኖም ቀጭን ሆነው ምንም የማያማቸው ሰዎችም ጠባብ ማዕዘን ይኖራቸዋል። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከጠበበው ቦታ በላይ ዱዎዲነሙና ጨጓራው ተለጥጠው ሲታዩ፣ ምልክቱም ሲገጥም ነው። ባሪየም የሚባል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ጠጥቶ የሚነሳው ራጅ እዚህ ላይ ይረዳል፦ ፈሳሹ እዚያ ቦታ ደርሶ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ሰውየው በሆዱ ሲተኛ ሲያልፍ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ወጣት ሴት ከስታ ስታስመልስ «ሆን ብላ ነው» ማለት ጉዳት አለው። የአመጋገብ መታወክ ቢኖርባት እንኳ ክሳቱ ራሱ አንጀቱን ሊያስጨምቅ ስለሚችል፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የተጣመመ አከርካሪ በቀዶ ሕክምና ከተቃና በኋላ የሚጀምር ማስመለስም የዊልኪ ሲንድሮም ሊሆን ሲችል እንዲሁ የማደንዘዣ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ምርመራው ስም ሲያገኝ ማቆምም ስህተት ነው። ሰውየው ለምን ከሳ? ቲቢ፣ ካንሰር፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር መፈለግ አለበት። የፖታሲየምና የፎስፌት መጠንም ምግብ ከመጀመሩ በፊት ይለካ። ለረጅም ጊዜ የተራበን ሰው ቶሎ መመገብ ፎስፌቱን አውርዶ ልቡን ሊያቆመው ይችላል።