ክምር የሚናደው እቃ ሲወጣ ነው

ቃሊቲ አካባቢ የእህልና የስኳር መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ብዙ ሰው አደጋው ያለው ጆንያው ሲደረደር ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን ሲወጣ ነው።

ድሮ በሠራሁበት መጋዘን አንድ ቀን መኪናው በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጡሩምባውን ያስጮኸዋል። የተፈለገው ነጭ ጤፍ ደግሞ ከታች ነው። ከላይ ጀምሮ ማን ያውርድ? አንዱ ጫኝ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ኩንታል ጎትቶ አወጣ። ክምሩ ወዲያው አልወደቀም። መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ጎኑ ሁሉ ወረደ። አቧራው ሲገለጥ የልጁ እግር ከሥር ነበር። አንዱ ጆንያ 100 ኪሎ ነው፣ አስቡት።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ደረጃ እየቀነሳችሁ አውጡ። ሹፌሩ ይጩህ። ቶሎ የሚወጣውን እቃ ለብቻው ብትደረድሩት ደግሞ ከሥር መጎተት የሚያሰኝ ነገር አይኖርም።

አደራደሩ ከባድ አይደለም። ሥሩ ፓሌት (ከጣውላ የተሠራ መደብ) ይሁን፤ ጣውላው የተሰበረ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ክምሩን ያዘመዋል። ሦስት ጆንያ በቁመት፣ ሁለት በአግድም አስተኙ። በቀጣዩ ረድፍ አቀማመጡን ገልብጡት፣ እንዲያያዝ። አፋቸው ወደ ውስጥ ይዙር። በየአምስት ረድፉ ግማሽ ጆንያ ያህል ወደ ውስጥ ግቡ። ማዳበሪያ (የፕላስቲክ ከረጢቱ) ከጆንያ ይበልጥ ስለሚንሸራተት እኔ ዝቅ አድርጌ ነው የምከምረው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቁ። እርጥበቱና አይጡ እንዳለ ሆኖ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ የእህል ክምር ደግፎ አያቆምም።

ዓይን ያታልላል። እኔ ከአንድ ግንበኛ ዘመዴ የተቀበልኩት ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) አለኝ፤ ሰኞ ሰኞ በየማዕዘኑ አንጠለጥለዋለሁ። ክምሩ ከክሩ ካለፈ በእንጨት ማስደገፍ፣ በትከሻ መግፋት የለም። ሰው ከሥሩ ይራቅና ከላይ ይፍረስ።

ጫኝ ልጆቹን ያስቸገርኳቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ክምር ጥግ ጋደም ማለት ይወዳሉ፣ ቀዝቃዛ ነዋ። ብቆጣም አልሰሙኝም። በመጨረሻ ውጭ፣ ጥላው ሥር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩላቸው።