80 ብር ከ1,000 ብር ሲበልጥ፦ ኤስኪውላይት ውስጥ የተደበቀ ጽሑፍ

ቱሉ ዲምቱ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የዱቤ መዝገቡን የሚይዘው እኔ በሠራሁለት ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት (SQLite) በሚባል ዳታቤዝ ነው። ባለሱቁ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ 80 ብር ያለበት ሰውዬ ከ1,000 በላይ ካለባቸው ጋር ምን ይሠራል?»

ምልክቱ

ከ1,000 በላይ በሚለው ዝርዝር ትንንሽ ዕዳ ይገባል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር «1,200» ከ9000 በኋላ ይሰለፋል። ድምሩም ከደብተሩ ያንሳል።

ምክንያቱ

የዕዳውን ዓምድ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብዬ ነው የፈጠርኩት። ኤስኪውላይት ግን በር ላይ ቆሞ አይፈትሽም። «80» ብትሉት ቁጥር ያደርገዋል። «80 ብር» ካላችሁት መቀየር ስለማይችል ዝም ብሎ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሲያነጻጽር ደግሞ ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። በዚህ ስሌት 80 ብሩ ከሚሊዮንም ይበልጣል!

ምርመራው

የተቀመጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረውን ታይፕኦፍ (typeof) የሚባል ፈንክሽን በዓምዱ ላይ አስኪዱና ውጤቱን በግሩፕ ባይ (GROUP BY) በየዓይነቱ መድባችሁ ቁጠሩ። መልሱ ከአምስቱ አንዱ ነው፦ ነል (ምንም ያልተሞላ)፣ ኢንቲጀር፣ ሪል (ነጥብ ያለው ቁጥር)፣ ቴክስት (ጽሑፍ) ወይም ብሎብ (ጥሬ ዳታ)። ቴክስት ከወጣ ሌባው ተያዘ። ባዶ ሆኖ የሚታይ ግን ቴክስት የሚል ካገኛችሁ፣ እሱ ነል ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ነው፤ ነል የሆኑትን ስትፈልጉ አይመጣም።

መፍትሄው

ጽሑፉን በካስት (CAST፣ ዓይነት መቀየሪያ) ወደ ቁጥር ለመቀየር አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ነበር። ካስት ቁጥር ያልሆነው ጋ ሲደርስ ስለሚያቆም «1,200» 1 ሆኖ ይቀራል። ደግነቱ ኮፒ ይዤ ነበር። መጀመሪያ አንዱን ጽሑፍ በሌላ በሚተካው በሪፕሌስ (REPLACE) ኮማውን፣ «ብር» የሚለውንና ክፍት ቦታውን አጥፉ። በአፕዴት (UPDATE) ትእዛዝ መልሳችሁ ስታስገቡት ዓምዱ ራሱ ቁጥር ያደርገዋል።

ስልክ ቁጥር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጥፋቱ ቁጥር መሆኑ ነው፤ በ09 የሚጀምረው ኢንቲጀር ዓምድ ውስጥ ሲገባ ዜሮው ይጠፋል። ዓምዱ ቴክስት መሆን አለበት። ዓይነቱን ባለበት መቀየር ስለማይቻል አዲስ ሠንጠረዥ ፈጥራችሁ፣ ዜሮውን ከፊት እየቀጠላችሁ ገልብጡ።

እንዳይደገም

ከኤስኪውላይት ስሪት 3.37.0 (2021 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሠንጠረዥ ሲፈጠር መጨረሻው ላይ ስትሪክት (STRICT) ብሎ መጻፍ ይቻላል። ያኔ «80 ብር» ገና ሲገባ ይመለሳል። የባለሱቁ ታብሌት አሮጌ ስለሆነ እኔ የተጠቀምኩት ሲመዘገብ የሚፈትሸውን ቼክ (CHECK) የሚባል ደንብ ነው፦ የዕዳው ታይፕኦፍ ኢንቲጀር ካልሆነ አይመዘገብም።