በወጥ ፍጥነት የሚሄድ ጋሪ አክስለሬሽኑ ዜሮ ሳይሆን ሲቀር፦ መፍትሔው

በሙከራው ጋሪው በሐዲድ ላይ በሰከንድ 0.5 ሜትር ይሄዳል፤ ሰዓት የሚያዝባቸው ምልክቶች በየ0.5 ሜትሩ ስለተሰመሩ እያንዳንዱ ክፍል 1 ሰከንድ መፍጀት ነበረበት። ስሌቱ ግን 0.1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) አወጣ። ሐዲዱ በውሃ ልክ ሲታይ ለጥ ያለ ነው። ጥፋቱ መካከለኛው ምልክት ላይ ስቶፕዎቹ (በእጅ የሚጫነው ሰዓት መያዣ) 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ መጫኑ ነበር። አንድ መዘግየት ሁለት ክፍሎችን በተቃራኒው ያዛባል፦ የፊተኛው 1.1፣ ቀጣዩ 0.9 ሰከንድ ይሆናል፤ ፍጥነቶቹም 0.45 እና 0.56። እጅ ሁልጊዜ እኩል ቢዘገይ ስህተቱ ይጠፋፋ ነበር፤ የሚጎዳው መለዋወጡ ነው።

መጀመሪያ ምልክቶቹ በየ1 ሜትሩ ተደረጉ። ያው የ0.1 ሰከንድ ስህተት አሁን 0.025 አክስለሬሽን ብቻ ይሰጣል፤ የክፍሉ ጊዜ እጥፍ ስለሆነና በአክስለሬሽን ስሌት ሁለት ጊዜ ስለሚያካፍል ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀጥሎ በየክፍሉ ማካፈሉ ቀርቶ ቦታና ጊዜ በግራፍ ተነድፈው በነጥቦቹ መሀል አንድ ቀጥተኛ መስመር ተሰመረ፤ ስሎፑ (የመስመሩ ያዘነበለበት መጠን) ፍጥነቱ ነው። ነጥቦቹ ከመስመሩ በላይና በታች ከተበተኑ ስህተቱ የሰዓት አያያዝ ነው። ወጥ ሆነው ወደ አንድ ወገን ከታጠፉ ግን ሰበቃን መፈተሽ ያስፈልጋል።

በስልክ ቪዲዮ ለሚለካ ሰው፦ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸው በሰከንድ 30 እንደሆነ ተደርጎ ከተቆጠረ ፍጥነቱ 8 እጥፍ ያንሳል።