አንድን ኖድ ከኩበርኔቲስ ክላስተር በሰላም እንዴት ማውጣት ይቻላል

ኩበርኔቲስ አፕሊኬሽኖችን ክላስተር በሚባል የሰርቨሮች ስብስብ ላይ የሚያሠራ ሥርዓት ነው፤ ኖድ ከሰርቨሮቹ አንዱ ነው። ሰርቨሩን ነቅሎ መሄድም ይቻላል። ክላስተሩ ኖዱ መጥፋቱን ተረድቶ ፖዶቹን (ኖዱ ላይ የሚሠሩትን የአፕሊኬሽን ክፍሎች) ሌላ ቦታ እስኪያስነሳ ግን በተለመደው ሴቲንግ 5 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ እስከዚያ ተጠቃሚው ይጉላላል።

መጀመሪያ የቀሩት ኖዶች ሸክሙን መቻላቸውን ይዩ። ግራፉ ላይ ሜሞሪው ግማሽ ባዶ መሆኑ አያዘናጋዎት። ስኬጁለሩ (ፖዶችን ለኖዶች የሚደለድለው ክፍል) የሚቆጥረው ፖዱ «ያስፈልገኛል» ብሎ ያስመዘገበውን እንጂ በተግባር የሚጠቀመውን አይደለም። ቦታ ከጠበበ ፖዶቹ «ፔንዲንግ» (ቦታ በመጠበቅ) ላይ ተገትረው ይቀራሉ።

ከዚያ በኮርደን ትእዛዝ ኖዱን ይዝጉት። አዲስ ፖድ አይገባበትም፣ ያለው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ሐሳብዎን ከቀየሩ አንኮርደን ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ድሬን፣ ማለትም ፖዶቹን ከኖዱ የማስወጣት ትእዛዝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙ ዴመንሴት (በየኖዱ አንዳንድ ሆነው የሚሠሩ ፖዶች) ካገኘ አልሠራም ይላል፤ እነሱን እንዲያልፋቸው ይንገሩት። በኖዱ ዲስክ ላይ ጊዜያዊ ዳታ የያዘ ፖድ ካለም ይቆማል። ይህን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ አይለፉት፤ ከፈቀዱለት ያ ዳታ አይመለስም። «ፎርስ» የሚለው የድሬን አማራጭ ደግሞ የሚመለከተው ተቆጣጣሪ የሌላቸውን ፖዶች ነው፤ አንዴ ከተባረሩ መልሶ የሚያስነሳቸው የለም።

አንዳንዴ ድሬኑ በየ5 ሰከንዱ እየሞከረ አልጨርስ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፖድ ዲስራፕሽን በጀት (ስንት ፖድ ሳይቋረጥ መቆየት እንዳለበት የሚወስን ደንብ) ነው፦ አፕሊኬሽኑ አንድ ቅጂ ብቻ እያለው «ቢያንስ አንድ ይኑር» ተብሎ ተጽፎበታል። በጀቱን ከመሰረዝ ይልቅ ቅጂውን ሁለት ያድርጉት፤ አዲሱ ሌላ ኖድ ላይ ሲነሳ ድሬኑ በራሱ ይቀጥላል።

ኖዱ ባዶ ሲሆን ኩብሌቱን (ኖዱ ላይ ፖዶችን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) ያቁሙ፣ ከዚያ ኖዱን ከክላስተሩ ይሰርዙ። ኩብሌቱን ሳያቆሙ ቢሰርዙ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ራሱን መልሶ ሊያስመዘግብ ይችላል። ማሽኑን ለሌላ ሥራ የሚፈልጉት ከሆነ በኩብአድም (ክላስተር መትከያ መሣሪያ) ሪሴት ትእዛዝ ያጽዱት፤ የአይፒ ቴብልስ (የሊኑክስ ኔትወርክ ማጣሪያ) ሕጎችን ግን ስለማይነካ እነሱን በእጅ ማጥፋት ግድ ነው።

የሚወጣው ኖድ ኢቲሲዲ (የክላስተሩ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ) የሚሠራበት ከሆነ፣ ከማጥፋትዎ በፊት ከኢቲሲዲ አባልነት ያስወጡት። ኢቲሲዲ መረጃ ለመጻፍ የአባላቱ አብላጫ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ ከ3 አባላት 2 መስማማት አለባቸው። የሞተውን ሳያስወጡ አዲስ ቢጨምሩ አባላቱ 4 ይሆኑና 3 ድምፅ ያስፈልጋል፤ በሕይወት ያሉት ግን 2 ናቸው። አዲሱ በትክክል ካልተነሳ ክላስተሩ ምንም መጻፍ አይችልም። ስለዚህ የድሮው ይውጣ፣ አዲሱ ከዚያ ይግባ።