በአነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤት የጋራ ኑሮንና ግብረ ገብን እንዴት መገንባት ይቻላል?

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። መጽሐፉ ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ መከባበርና ስለ ኃላፊነት ያስተምራል፤ ይሁን እንጂ ልጁ እነዚህን ነገሮች በየዕለቱ የሚለማመድበት ኑሮ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ የተማረው ሁሉ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ወይም በሞረትና ጅሩ ገጠር የምትገኝ፣ ጥቂት መምህራን ብቻ ያሏት ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ከከተማው ትልቅ ትምህርት ቤት የተሻለ ዕድል አላት። ሁሉም ሁሉን በስሙ ያውቃል፤ የልጁንም ጠባይ ጎረቤት ይመሰክራል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ሳይሰለቹ መከታተልን ነው።

1. በመስከረም የልጆቹን ኑሮ ይወቁ

ትምህርት እንደተጀመረ እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር ልጆቹ ከየትኛው ጎጥ እንደሚመጡ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱና ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደሚሠሩ ጠይቆ በደብተር ይመዝግብ። በግ አሰማርቶ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ውኃ ቀድታ የምትመጣ ልጅ አለች። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ሲደራረብ የሚቀሩትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። ይህን ያላወቀ መምህር የደከመውን ልጅ ሰነፍ ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ሰነፍ የተባለ ልጅ ደግሞ መምህሩ ስለ ፍትሕ የሚናገረውን አያምንም።

2. ወላጆችን ሰብስበው በጥቂት ደንቦች ይስማሙ

ስብሰባውን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ይጥሩ። ቀኑ የገበያ ቀን መሆን የለበትም፤ ገበሬው ሞፈር ቀንበር የማያነሣበት በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል። ሙስሊም ወላጆች ባሉበት ቀበሌ ቀኑን ከእነርሱም ጋር ተመካክሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። ደንቦቹ ከአራት አይብለጡ፤ ሁሉም ልጅ ሊያደርገው የሚችለውን ድርጊት የሚናገሩ ይሁኑ። «ሐቀኛ እንሁን» የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የ1ኛ ክፍል ልጅ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አይገባውም። «ወድቆ የተገኘ ዕቃ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል» ቢባል ግን ዛሬውኑ ይፈጽመዋል። ወላጆችም ይኸንኑ ደንብ በቤታቸው እንዲጠብቁ ቃል ይግቡ።

3. ልጆቹን በመንገዳቸው ያደራጁ

በክፍል ከማደራጀት ይልቅ በመንገድ ማደራጀት በገጠር የበለጠ ፍሬ ያፈራል ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ጎጥ የሚመጡ ልጆች በአንድነት ይሂዱ፤ ከላይኛው ክፍል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በየተራ ይምሯቸው። መነሻ ቦታና ሰዓት ይወሰን፤ ታናናሾቹ መሐል ይሁኑ። ጉም መንገዱን ከሸፈነው ወይም በመስከረም ጅረቱ ሞልቶ ከተገኘ ለመሻገር ከመሞከር ይልቅ ተመልሰው ለአዋቂ መንገር እንዳለባቸው አስቀድሞ ይነገራቸው። ጠዋት በሰልፍ ላይ መሪው ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ለመምህሩ ያሳውቅ፤ ትምህርት ቤቱ የታመመውን ልጅ በዕለቱ የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው። መሪነቱ የመምታት ወይም ቦርሳ የማሸከም መብት እንዳይመስላቸው መምህራኑ ታናናሾቹን ለብቻ እየጠሩ በየጊዜው ይጠይቁ።

4. በየሳምንቱ የልጆች ሸንጎ ያካሂዱ

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለዚህ መመደብ ይቻላል፤ እንደ ቀወትና ኤፍራታና ግድም ባሉ ወረዳዎች ብዙ ልጆች ለጁምዓ ስለሚሄዱ ዓርብን መተው ይሻላል። ልጆቹ ከነፋስ በተከለለ ቦታ ክብ ሠርተው ይቀመጡ፤ መምህሩም አብሯቸው ይቀመጥ። በመጀመሪያ በሳምንቱ መልካም ያደረገላቸውን ጓደኛ በስም ያመስግኑ፤ ቀጥሎ ችግር ይነሣ፤ በመጨረሻም የተወሰነውን አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ በመዝገብ ይጻፍ።

ለምሳሌ የአንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ አዲስ ደብተር ጠፋ እንበል። የብዙ መምህራን የመጀመሪያ ሐሳብ በሩን ዘግቶ የሁሉንም ቦርሳ መበርበር ነው። አባቶቻችን ሌባ ለማውጣት አገሬውን ሁሉ ሰብስበው አውጫጭኝ ያደርጉ ነበር፤ ያ ግን ለአዋቂዎች የቆመ ሥርዓት ስለነበር ለልጆች አይሆንም። ፍተሻው ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያዋርዳል፤ ዕቃው ከአንድ ልጅ ቦርሳ ከወጣ ደግሞ ያ ልጅ ትምህርት ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ስሙ «ሌባው» ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ልጅቱ፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ደብተሩ እንዴት እንደተገዛ ራሷ ትናገር። እናቷ ለገበያ ባወጣችው እንቁላል የተገዛ መሆኑን ሲሰሙ፣ የወሰደው ልጅ ነገሩ ከአንድ ደብተር የበለጠ መሆኑን ይረዳል፤ የእርሱም እናት እንቁላል ትሸጣለችና። ከዚያ መምህሩ፦ «ደብተሩ እስከ ነገ ጠዋት በመስኮቱ ላይ ከተገኘ ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም» ይበል። ከተመለሰ በፍጹም አይጠይቅ፤ ቃሉን የጠበቀ መምህር ስለ ታማኝነት ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ አያስፈልገውም። ካልተመለሰም ልጆቹ ራሳቸው መፍትሔ ይፈልጉ። ከየደብተራቸው መሐል አንዳንድ ሉክ አውጥተው፣ በክር ሰፍተው አዲስ ደብተር ሊሠሩላት ይችላሉ። ሐሳቡ ከልጆቹ እስኪመጣ ድረስ መምህሩ ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት፤ ይህ ዝምታ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው።

5. እውነተኛ ሥራና እውነተኛ ሒሳብ ይስጧቸው

የነጭ ሽንኩርት፣ የጎመን ወይም የድንች መደብ ለዚህ ይመቻል። እያንዳንዱ መደብ ታላላቅና ታናናሽ ልጆች በተቀላቀሉበት ቡድን ይያዝ፤ ሥራው ሲበዛ ቡድኖቹ እንደ ወላጆቻቸው ወንፈል ይገቡ። በደጋው ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚጥል፣ ለስላሳው ተክል ማታ በገለባ ተሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መገለጥ አለበት። ቅዳሜና እሑድ ተራው የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ተረኛው ረስቶ ጎመኑ ቢቃጠል ቁጣ ሳያስፈልግ ጉዳዩ ለሸንጎው ይቅረብ። መምህሩም አብሮ ይቆፍር። ልጆችን በመምህር የግል ማሳ ላይ ማሠራት ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ የተገነባውን እምነት በአንድ ቀን ያፈርሰዋል።

ምርቱ ሲሸጥ ገቢውና ወጪው በተማሪዎች እጅ ተጽፎ በወላጆች ፊት ይነበብ፤ በገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ሸንጎው ይወስን። መንዝ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት በዚሁ አጋጣሚ አንድ ሽማግሌ ጋብዞ በመንዝ ደጋ ያለውን የጋራ የሣር ምድር፣ የጓሳን ታሪክ ማስነገር ይችላል። የአካባቢው ሕዝብ የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ደንብ ሲጠብቅ፣ ለዓመታት ዘግቶ ሲከፍት ኖሯል። ጠባቂዎች እንዴት ይመረጡ እንደነበር፣ ደንብ የጣሰ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ።

6. ዱላን ያስወግዱ፤ ያጠፋ ይጠግን

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወላጅ «አጥንቱን ለእኔ፣ ሥጋውን ለእርስዎ» ቢልም መምህሩ ይህን በአክብሮት ያስረዳ። ወንበር የሰበረ ልጅ ከአናጢው ጋር ሆኖ ይጠግን፤ የተሳደበ የሰደበውን ልጅ የአንድ ቀን የውኃ ተራ ይውሰድለት። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘና በቶሎ የሚያልቅ ይሁን፤ ካለቀ በኋላም አይነሣ። ሽማግሌዎች ሲጋበዙም ትምህርት ከሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያዝዝ፣ የሁሉም ወላጆች ልጆች ያለ ሐፍረት የሚሰሙት ተረትና ታሪክ ይመረጥ።

7. መዝገቡን ለተተኪው ያስረክቡ

ለጠባይ ማርክ አይስጡ፤ ማርክ የሚሰጠው መልካምነት ለመምህር ዐይን የሚደረግ ይሆናል። ይልቁንም በየወሩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ከማን ጋር ታረቀ፣ ምን ኃላፊነት ወሰደ፣ ምን ከበደው። ይህ መዝገብ ከክፍል ኃላፊውና ከርዕሰ መምህሩ ውጭ ላለ ሰው አይታይ። የገጠር መምህር በዝውውር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ በሰኔ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት የመንገድ ቡድኖቹ ዝርዝር፣ የሸንጎው ውሳኔና የአትክልቱ ሒሳብ በአንድ ላይ ተደርገው ለርዕሰ መምህሩና ለወተመህ ሰብሳቢ በፊርማ ይሰጡ። ክረምቱን ችግኙን ማን እንደሚጎበኝ፣ ዶማውና አካፋው በማን እጅ እንደሚቆይም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።