ሰማያውያን ሲዘምሩ፦ ምናባዊ ልቦለድ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ምናባዊ ልቦለድ "ሲልማሪሊዮን" የሚከፈተው በመዝሙር ነው። ዓለም ገና የለም። ኢሉቫታር የተባለው አንዱ ፈጣሪ ከሐሳቡ ያስገኛቸውን አይኑርን ይሰበስብና ዜማ ይሰጣቸዋል። እነሱም ይዘምራሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴና ማኅሌት ሲሰማ ያደገ አንባቢ እዚህ ሲደርስ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" ይላል። አልተሳሳተም። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ችግሩ የሚመጣው "አውቀዋለሁ" ካልን በኋላ ልብ ብለን ማንበብ ስናቆም ነው።

የመጀመሪያው ስህተት "ይህ ዘፍጥረት በዜማ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ መዝሙር የለም። "ይሁን" አለ፤ ሆነ። መዝሙሩ ያለው ኢዮብ 38፥7 ላይ ነው። ምድርን ስመሠርት፣ አጥቢያ ኮከቦች አብረው ሲዘምሩ አንተ የት ነበርህ ብሎ እግዚአብሔር ኢዮብን ይጠይቀዋል። በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ደግሞ የሚያመሰግኑት መላእክቱ ናቸው፤ ከዋክብት ሲፈጠሩ አይተው በታላቅ ድምፅ ያመሰግናሉ። በሁለቱም ንባብ መዝሙሩ አይፈጥርም፤ የተፈጠረውን አይቶ ይደሰታል።

ቶልኪን ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። መዝሙሩ ቀደመ፣ ዓለም ተከተለ። እንዲያም ሆኖ መዝሙሩ ብቻውን ዓለምን አላስገኘም፤ ብዙ አንባቢ ይህችን ቦታ ሳያያት ያልፋል። አይኑር ዘምረው ሲጨርሱ ያዩት ራእይ ነበር፤ እሱም ከዓይናቸው ተሰወረ። ዓለም የሆነው ኢሉቫታር "ኤአ" ሲል ነው፤ "ይሁን" እንደማለት ነው። ስለዚህ የዘፍጥረት ቃል ከቦታው አልተነሳም። ፍጡራን ዜማውን ያስጌጡታል፤ "ይሁን" የሚለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ወዳጁ ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው የናርንያ መጽሐፍ ሌላ መንገድ ሄደ። እዚያ የሚዘምረው አንበሳው አስላን ራሱ ነው። ከዋክብቱ ድምፁን ተከትለው ይቀበሉታል፤ ዓለሙም ከዝማሬው ይወጣል። ሁለቱንም "ዘፍጥረት ነው" ብሎ የሚጠቀልል አንባቢ ይህን ልዩነት አያየውም።

ሌላው፣ ከአይኑር መካከል እጅግ ኃያል ስለነበረውና ስላመፀው፣ "ሜልኮር ማለት ሳጥናኤል ነው" የሚለው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ለእኛ በጣም ይቀርበናል። የስድስቱን ቀናት ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስ ሳጥናኤል መላእክቱን "እኔ ፈጠርኳችሁ" ይላቸዋል፤ ቅዱስ ገብርኤል ደግሞ "ንቁም በበህላዌነ" (በያለንበት ጸንተን እንቁም) ብሎ ያጸናቸዋል። ሜልኮር ግን "ፈጣሪያችሁ ነኝ" ብሎ አልጀመረም። የራሱን ነገር ማስገኘት ስለፈለገ ሕይወት የሚሰጠውን እሳት ብቻውን በባዶው ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። አላገኘውም። ከዚያ በኋላ የራሱን ሐሳብ በዝማሬው ውስጥ ያስገባል። ዜማው ይጋጫል። አጠገቡ ያሉት አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ እሱ ያዘነብላሉ።

ኢሉቫታር ወዲያው አላስቆመውም። ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ዜማ አስነሳ። በኋላ ከአይኑር ለአንዱ፣ ውሃን ለሚወደው ለኡልሞ፣ አንድ ነገር ያሳየዋል። ሜልኮር ውሃውን ሊያበላሽ መራራ ብርድ አሰበ፤ ከዚያ ግን በረዶና አመዳይ ወጣ። ኡልሞ እንዲህ ያለ ውበት በልቡ እንኳ አላሰበውም ነበር። ይህን ሳነብ የሚመጣልኝ ዘፍጥረት ምዕራፍ 50 ላይ ዮሴፍ ለወንድሞቹ የተናገረው ነው፤ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው። ብዙ ሰው ማሚቶውን ከሳጥናኤል አወዳደቅ ሲፈልግ፣ ለእኔ ጎልቶ የሚሰማው ከዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ "ሰይጣን የመዘምራን መሪ ነበር" የሚለውን እንደ ማስረጃ ከማምጣታችን በፊት ሕዝቅኤል 28ን እንየው። ንግግሩ የጢሮስን ንጉሥ ነው የሚጠራው። ከበሮና እንቢልታ ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃልም አከራካሪ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች የዕንቍ ማስቀመጫ ያደርጉታል። መጽሐፈ ሄኖክን መቀላቀልም አያዋጣም። እዚያ በአርሞንዔም ተራራ የወረዱት 200 ትጉሃን የተባሉ መላእክት የወደቁት በሴቶች ፍቅር እንጂ በዜማ አይደለም።

ስያሜም ያሳስታል። አይኑርን "አማልክት" ካልናቸው አንዱ ፈጣሪ ይደበዝዛል። "መላእክት" ስንል ደግሞ ዓለምን በማነጽ ያላቸው ድርሻ ይጠብባል። የቃሉ ትርጉም "ቅዱሳን" ነው፤ ለእኛ ግን ይህም ጻድቃንን ያስታውሳል። አይኑር ብሎ መተው ይሻላል።

ሁሉም ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣም አይደለም። ፕላቶን በሰማይ ክበቦች ላይ ቆመው የሚዘምሩ ሲሬኖችን (የግሪክ አፈ ታሪክ ዘማሪዎችን) ጽፏል፤ የፓይታጎራስ ተከታዮችም የከዋክብትን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ቶልኪን ራሱ ታሪኩ የተሸሸገ ምሳሌ ተደርጎ እንዲፈታለት አልፈለገም፤ ለ"ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ሁለተኛ እትም በጻፈው መግቢያ በግልጽ ተናግሮታል።

የመጨረሻው ስህተት መዝሙሩ ከመጀመሪያው ክፍል ጋር አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። እኛ ዘንድ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሰማይ ሰምቶ ወደ ምድር አወረደ እንላለን። በቶልኪን ዓለምም ያ ዝማሬ ጨርሶ አልጠፋም። ማሚቶው ከምንም በላይ በውሃ ውስጥ እንደሚኖር ይነገራል። ሰዎች የባሕርን ድምፅ ሰምተው አይጠግቡም፤ ምን እንደሚሰሙ ግን አያውቁም።